የአባቴን የጋዝ ሊዝ አሁን የያዘው ማነው?

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ2004 ከክሌበርን ከተማ ወጣ ብሎ ጆንሰን ካውንቲ ውስጥ 10 ኤከር መሬት ገዝቶ ነበር። በ2007 አንድ ኩባንያ መጥቶ ከመሬቱ ሥር ጋዝ ለማውጣት የሚያስችለውን የጋዝ ሊዝ አስፈረመው። ቦነስ ተከፈለው፣ ከዛ በኋላ ከጋዙ ሽያጭ ድርሻው የሆነ ትንሽ ትንሽ የሮያሊቲ ቼክ ይመጣ ነበር። አባቴ ሲሞት እማዬ ወደ እኔ መጣች፣ ቼኩም በዛው ቀረ። ውሉ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። ኩባንያውን ኢንተርኔት ላይ ብፈልገው የለም። አሁን ደግሞ ከማናውቀው ሰው ‹የሚኒራል መብታችሁን›፣ ከመሬቱ ሥር ያለውን ማለት ነው፣ ‹ልግዛችሁ› የሚል ደብዳቤ ደረሰን። እማዬ ሸጠን እንገላገል ትላለች። ለመሆኑ ይሄን ሊዝ አሁን የያዘው ማነው? እንዴት ነው የሚታወቀው?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ከሁሉ በፊት ለእናትህ ንገራት፣ እዛ ደብዳቤ ላይ እንዳትፈርም። መሸጥ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ግን ምን ያህል ድርሻ እንዳላት፣ ማን ሊከፍላት እንደሚገባ፣ የተጠራቀመ ገንዘብ ይኑር አይኑር ሳታውቅ ምኑን ነው የምትሸጠው?

ኩባንያው መጥፋቱ አይግረምህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራልህ። በ2000ዎቹ ፎርት ዎርዝ ዙሪያ ባርኔት ሼል ከሚባለው የከርሰ ምድር ድንጋይ ጋዝ ማውጣት ሲጧጧፍ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ሊዝ ሲያስፈርሙ ከነበሩት ውስጥ ጉድጓድ የመቆፈር ሐሳቡም አቅሙም ያልነበራቸው ሞልተው ነበር። ሥራቸው ሊዝ ሰብስቦ ለትልልቆቹ መሸጥ ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ አልቆዩም። ኤክስቲኦ በ2010 ኤክሶንሞቢል ውስጥ ገባ። ቼሳፒክ በ2016 የባርኔት ንብረቱን ለፈረንሳዩ ቶታል ለቀቀ። ዴቨን የራሱን ቢኬቪ ለሚባል ኩባንያ ሸጦ በ2020 ወጣ፣ ቢኬቪ ደግሞ በ2022 የኤክሶንሞቢልን የባርኔት ድርሻ ጨመረበት። አባትህ በ2007 የፈረመው ወረቀት እናንተ ሳትሰሙ ሦስት አራት እጅ አልፎ ሊሆን ይችላል። ሕገወጥም አይደለም። አብዛኛው ሊዝ ኩባንያው የባለመሬቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ለሌላ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። ቤት የተከራየ ሰው ቁልፉን ለሌላ፣ ያም ለሌላ አስተላልፎ፣ አከራዩ በመጨረሻ ማን ሳሎኑ ውስጥ እንደተኛ እንደማያውቀው ማለት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይልህ። ሰው «ሊዙን የያዘው ማነው» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላል። አንዱ የሊዙ ባለመብት ነው፣ ውሉ በስሙ የተላለፈለት። እሱ አንድ ኩባንያ ላይሆን ይችላል። አንዱ 60 በመቶ፣ ሌላው 40 በመቶ ይዘው፣ አንዳንዴም በጥልቀት ተከፋፍለው፣ ላይኛው ድንጋይ የአንዱ ታችኛው የሌላው ሆኖ ታገኘዋለህ። ሁለተኛው ኦፕሬተሩ ነው፣ ጉድጓዱን የሚያንቀሳቅሰው። ሦስተኛው ቼክ የሚጽፈው ነው። ብዙ ጊዜ ኦፕሬተሩ ራሱ ይከፍላል፣ ጋዙን የሚገዛው ኩባንያ የሚከፍልበትም ጊዜ አለ። ለአንተ ቀላሉ ኦፕሬተሩን ማግኘት ነው። እሱን ካገኘህ ሌሎቹ ይከተላሉ። ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምረህ ወደ ኋላ ሂድ።

አሁን ክሌበርን ድረስ መንዳት አይጠበቅብህም፣ ከሶፋህ ሳትነሳ መጀመር ትችላለህ። ቴክሳስ ውስጥ ነዳጅና ጋዝ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሬይልሮድ ኮሚሽን ይባላል። በ1891 ለባቡር ሐዲድ ተብሎ የተቋቋመ ነው፣ የባቡሩ ሥራ ከ2005 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጥቷል፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ስለዚህ ስሙን አይተህ ተሳስቻለሁ ብለህ እንዳትወጣ። ድረ ገጹ ላይ ማንም በነፃ የሚያየው የጉድጓዶች ካርታ አለ። የአባትህን መሬት አድራሻ አስገባና ዙሪያውን ተመልከት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መሬታቸው ላይ ጉድጓድ ሲያጡ «እኛ ጋ ምንም የለም» ብለው ይዘጉታል። የባርኔት ጉድጓዶች አብዛኞቹ አግድም የተቆፈሩ ናቸው። አፉ ከእናንተ አጥር ርቆ ጎረቤት መሬት ላይ ይሆንና፣ ቧንቧው ታች ታጥፎ በእናንተ ሥር ያልፋል። ካርታው ላይ ከጉድጓዱ አፍ ተነስቶ ወደ ጎን የሚሄድ ቀጭን መስመር ታያለህ። የአባትህን መሬት የሚያቋርጠውን መስመር ፈልግ። ስሙም እንዳያደናግርህ። ትንንሽ መሬቶችን አንድ ላይ አድርገው ዩኒት ስለሚሠሩ፣ ጉድጓዱ በማታውቀው የፈረንጅ ቤተሰብ ስም ሊጠራ ይችላል። መስመሩ ባያቋርጣችሁም መሬታችሁ ዩኒቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በአቅራቢያችሁ ያሉትን ጉድጓዶች ሁሉ ስማቸውን ጻፍ። የድሮ የቼክ ጉራጅ እናትህ ጋ ካለ ደግሞ ወርቅ ነው፣ የጉድጓዱ ወይም የዩኒቱ ስም እዛ ላይ አለ። እናቶቻችን ወረቀት አይጥሉም፣ ሻንጣዋን አስፈትሽ።

ጉድጓዱን ስትጫነው ኤፒአይ የሚባል የጉድጓዱ መለያ ቁጥር ይመጣልሃል። ቴክሳስ 42 ነው፣ ጆንሰን ካውንቲ 251 ነው፣ ስለዚህ የአንተ በ42251 ይጀምራል። እሱን ቁጥር ያዝ። በሱ የአሁኑን ኦፕሬተር ስም፣ ጉድጓዱ በየወሩ ምን ያህል ጋዝ እንዳወጣ፣ ኦፕሬተር ሲቀየር የገባውን ፎርም ሁሉ እዛው ታገኛለህ። ኦፕሬተሮች ለኮሚሽኑ በየዓመቱ የሚያድሱት ፒ-5 የሚባል ምዝገባ አለ፣ አድራሻና የኃላፊዎቹ ስም እሱ ላይ ይገኛል። የወርሃዊውን ምርት ነገር ዝም ብለህ አትለፈው። መሬታችሁ ከገባበት ጉድጓድ ጋዝ አሁንም እየወጣ ከሆነ ሊዙ በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ የሆነ ሰውም ገንዘቡን ይዞባችሁ ሊሆን ይችላል። ከቆመ ቆይቶ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ቅዳሜ በዛ በኩል ካለፍክ ደግሞ ጉድጓዱ መግቢያ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብብ። የኮሚሽኑ ደንብ የኦፕሬተሩ ስም፣ የሊዙ ስምና የጉድጓዱ ቁጥር እንዲለጠፍ ያዛል። ፎቶ አንሳውና ሂድ፣ አጥር ግን አትዝለል። ቴክሳስ ነው ያለኸው።

ግን ልብ በል፣ ሬይልሮድ ኮሚሽን የሚያውቀው ኦፕሬተሩን ብቻ ነው። ሊዙ በማን ስም እንዳለ አይመዘግብም፣ የሮያሊቲ ክርክርም አይዳኝም። ደውለህ «ገንዘባችንን አስከፍሉን» ብትል በትህትና ይሸኙሃል። የባለመብቱ ወረቀት ያለው ካውንቲ ክለርክ፣ የካውንቲው ሰነድ መዝጋቢ ጋ ነው፣ ክሌበርን።

የክለርኩ መዝገብ በሰው ስም ነው የሚሠራው፣ ሰጪና ተቀባይ፣ እነሱ ግራንተርና ግራንቲ የሚሉት። መጀመሪያ በአባትህ ስም ፈልገህ የ2007ቱን ሊዝ ወይም አጭሩን የሊዝ ማስታወሻ አግኝ፣ የሰነዱን ቁጥር ጻፍ። ከዛ በኋላ የአባትህን ስም ተወው። ኩባንያዎቹ እርስ በርስ ሲሻሻጡ አባትህ ስለማይፈርም፣ በሱ ስም ስትፈልግ ብትውል ሽያጩን አታገኘውም። አሁን የምትፈልገው ያስፈረመውን ኩባንያ ነው፣ ሰጪ ሆኖ የገባበትን፣ ከ2007 ወዲህ። «አሳይንመንት» ወይም «ኮንቬያንስ» የሚል የማስተላለፊያ ሰነድ ታገኛለህ። ገዢውን ያዝና እሱን ደግሞ ሰጪ አድርገህ ፈልግ። እንዲህ እያልክ ሰንሰለቱ እስኪያልቅ። መጨረሻ ላይ የምታገኘው ስም ካርታው ላይ ካየኸው ኦፕሬተር ጋር ከገጠመ ጨርሰሃል።

ካልገጠመስ? ሁለት ነገር አስብ። አንዱ፣ ኩባንያው ሊዙን አልሸጠም፣ ራሱ ተሸጧል ወይም ስሙን ቀይሯል። ያኔ ካውንቲው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። የስቴቱን ግብርና ሒሳብ የሚይዘው የኮምፕትሮለር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የኩባንያ ፍለጋ አለ፣ በነፃ ነው፣ ሕልውናውንና ሕጋዊ ወኪሉን ያሳይሃል። ሁለተኛው፣ የባንክ መያዣ ሰነድ ተመልከት። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ኩባንያዎች ሊዞቻቸውን አስይዘው ይበደራሉ፣ ባንኩም የእያንዳንዱን ሊዝ ዝርዝር አያይዞ ካውንቲው ጋ ያስመዘግባል። ማን እንዳስያዘው ካየህ በዛን ጊዜ ማን እጅ እንደነበረ አወቅህ። አንድ አሳይንመንት በመቶ የሚቆጠር ሊዝ ሊይዝ ስለሚችል አባሪው ወፍራም ነው። ኮፒ በገጽ አንድ ዶላር ነውና ሁሉንም እንዳትገዛ። የፊተኛዎቹን ገጾችና አባትህ ስም ያለበትን ብቻ ውሰድ።

የአባትህ ስም ያልኩት ራሱ ለእኛ ሰው ፈተና ነው። በአያት ስም ተመዝግቦ ይሆናል፣ በራሱ ስም ተመዝግቦ ይሆናል፣ አንዱ ጸሐፊ አንድ ፊደል ጨምሮ ሌላው ጎርዶ ጽፎት ይሆናል። ስሙ በገብረ ወይም በወልደ የሚጀምር ከሆነ አንድ ላይ ተጽፎም፣ ለሁለት ተከፍሎም፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ቀርታም ሞክረው። ፓስፖርቱ፣ ዲዱ፣ ማለትም የመሬቱ የግዢ ሰነድ፣ እና የድሮው ቼክ ላይ ስሙ አንድ ዓይነት ካልሆነ ዝርዝሩን አንድ ወረቀት ላይ አስፍር፣ በኋላ ለኩባንያውም ያስፈልግሃል። አንተ የአባትህን ስም ይዘህ፣ እናትህ የራሷን አባት ስም ይዛ ስትቀርቡ ቤተሰብ መሆናችሁን የሚጠራጠር ፈረንጅ አይጠፋምና የጋብቻ ወረቀት አዘጋጁ።

አንድ አቋራጭ መንገድ ልንገርህ። ቴክሳስ ውስጥ ምርት የሚሰጥ ሚኒራል እንደ ቤትና መሬት የንብረት ግብር አለበት። ስለዚህ የካውንቲው የንብረት ገማች መሥሪያ ቤት፣ አፕሬዛል ዲስትሪክት፣ የእያንዳንዱን የሮያሊቲ ባለቤት ስም ከጉድጓዱ፣ ከኦፕሬተሩና ከድርሻው ጋር ይመዘግባል። እዛ የአባትህን ስም ካገኘህ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አገኘህ። ያልተከፈለ ግብር ወደ ድሮ አድራሻው ሲላክ ከርሞም ሊሆን ይችላል፣ አብረህ እይ። ካላገኘኸው ግን ተስፋ አትቁረጥ። ግምቱ ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሚኒራል ድርሻ ከግብር ነፃ ነው፣ ስለዚህ አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም።

አሁን ስለ ቼኩ። የእኔ ግምት፣ ቼኩ የቆመው ሊዙ ስለተሸጠ ላይሆን ይችላል። አባትህ ሞተ፣ እናትህ ቤት ቀየረች፣ ቼኩ ተመለሰ። ኩባንያ ባለቤቱ መሞቱን ከሰማ ወይም ፖስታው ከተመለሰለት ክፍያውን ያግደዋል፣ ገንዘቡ ወራሹ እስኪታወቅ በአባትህ ስም ይቀመጣል። ድርሻው ትንሽ ከሆነም ከ100 ዶላር በታች ያለውን አጠራቅሞ በዓመት አንዴ እንዲከፍል ሕጉ ይፈቅድለታል። ሳይጠየቅ ሦስት ዓመት ካለፈው ደግሞ ወደ ስቴቱ ይሄዳል። ኮምፕትሮለሩ «ክሌም ኢት ቴክሳስ» የሚል የጠፋ ገንዘብ መፈለጊያ አለው፣ ዛሬ ማታ የአባትህን ስም በሁሉም አጻጻፍ እዛ ላይ ሞክር። ከተገኘ፣ ማን ኩባንያ እንዳስገባው ጭምር ስለሚታይ ለፍለጋህም ይጠቅምሃል። «እኔ ላስመልስልህ፣ በመቶ ይህን ያህል ስጠኝ» ለሚሉህ አትክፈል፣ ነፃ ነው።

ስለ ገዢው ደብዳቤ ትንሽ ልበል። አገር ቤት መሬቱም በውስጡ ያለው የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ወገኖቻችን ከሥር ያለውን ነገር «የኛ ነው» ለማለት አፋቸው አይደፍርም፣ በርካሽም ይሰጡታል። ቴክሳስ ውስጥ ግን የግል ነው፣ ከላይኛው መሬት ተነጥሎም ይሸጣል። እናትህ መሬቱን ሸጣ ሚኒራሉን ልታስቀር ትችላለች፣ ተቃራኒውንም። (አባትህ ሲገዛ ሻጩ ሚኒራሉን አስቀርቶ እንዳልሆነ የ2004ቱን ዲድ አንብብ። ቦነስና ቼክ መቀበሉ ጥሩ ምልክት ነው፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም።) ደብዳቤው ከቼክ መሰል ወረቀትና ከተዘጋጀ የሽያጭ ሰነድ ጋር ከመጣ፣ በቴክሳስ ሕግ «ይህን ፈርመህ ከሰጠህ የሚኒራል ወይም የሮያሊቲ መብትህን በሙሉ ወይም በከፊል እየሸጥክ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ጎላ ብሎ ሊኖርበት ይገባል። ካጣኸው ሰውየውን አትመነው። ካለበትም እሱ ስለ እናንተ ድርሻ ከእናንተ በላይ አጥንቶ ነው የመጣውና፣ ደውለህ የትኛው ጉድጓድ፣ ስንት ድርሻ፣ ኦፕሬተሩ ማን ብለህ ጠይቀው። አንዳንዱ ይነግርሃል። ነግሮህም ከሆነ አመስግነህ ስልኩን ዝጋ።

ኦፕሬተሩን ካገኘህ «ኦውነር ሪሌሽንስ» ለሚባለው የባለድርሻዎች ክፍል ጻፍ፣ ደርሷል የሚል ፊርማ በሚመለስበት የአደራ ደብዳቤ። ስልክም ደውል፣ ግን ስልክ ማስረጃ አይሆንም። አጭር አድርገው። የአባትህ ስም፣ የሊዙ ቀንና የሰነድ ቁጥር፣ የጉድጓዱ ስም፣ ኤፒአይ ቁጥሩ። ከዛ ጠይቅ፦ የሊዙ ባለመብት አሁን ማነው፣ ከማንና መቼ ተላለፈ፣ በአባታችን ስም የታገደ ገንዘብ አለ ወይ፣ ስንት ነው፣ ወደ እናቴ ለማዞር ምን ሰነድ ትፈልጋላችሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አትላክ። እውነተኛው ከፋይ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ የግብር ቁጥራችሁን የምትሰጡበት ደብልዩ-9 ፎርም መሙላታችሁ አይቀርም፣ ካልሞላችሁ ከክፍያው 24 በመቶ ለፌዴራል ግብር ይያዛል።

የውርሱን ነገር ኩባንያው መጠየቁ አይቀርም። ኑዛዜ ካለ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ አለ፣ መደበኛው ጊዜ ከሞት ቀን ጀምሮ 4 ዓመት ነውና አትዘግዩ። ኑዛዜ ከሌለ፣ መሬቱ በትዳር ውስጥ የተገዛ የጋራ ንብረት ከሆነና የአባትህ ልጆች ሁሉ ከእናትህ ከሆኑ የሱ ድርሻ ለእሷ ያልፋል። ከሌላ የወለደው ልጅ ካለ ግን ይለያል፣ ይሄን በቤታችሁ ተነጋገሩበት። ብዙ ኩባንያዎች የወራሽነት ቃለ መሐላ ይቀበላሉ፣ ቤተሰቡን በደንብ የሚያውቁ፣ ከውርሱ ምንም የማያገኙ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙና ጆንሰን ካውንቲ ይመዘገባል። የዕድር ሰዎች ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለዚህ ይሆናሉ።

ኮሎራዶ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አካሄዱ ያው ነው። ስቴቱ ጋ ጉድጓዱን፣ ካውንቲው ጋ ሰነዱን። የእናንተው ኮሚሽን በ2023 ስሙን ኢነርጂ ኤንድ ካርበን ማኔጅመንት ኮሚሽን ብሎ ስለቀየረ በድሮው ስም አትፈልጉ።

ምርቱ ቆሞ ከሆነስ? የመጀመሪያው የውል ዘመን፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ነው፣ አልፏል። ከዛ በኋላ ሊዙ የሚኖረው ትርፍ ያለው ምርት እስካለ ነው። ምርት ከሌለ ሊዙ በራሱ ሊያበቃ ይችላል። ግን ጉድጓዱ ለጊዜው ተዘግቶ ኩባንያው በምትኩ ትንሽ ክፍያ እየከፈለ የሚያቆይበት አንቀጽ አለ፣ እናንተ ጋ ያልደረሰው ክፍያ እሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራስህ «ሞቷል» ብለህ ከሌላ ኩባንያ ጋር አዲስ ሊዝ እንዳትፈርም። እዚህ ላይ ነው ጠበቃ የሚያስፈልግህ፣ ቀድም ብሎ አይደለም። የኢሚግሬሽን ጠበቃህ አይሆንም። የቴክሳስ የሕግ ስፔሻላይዜሽን ቦርድ በነዳጅ፣ ጋዝና ሚኒራል ሕግ የመሰከረላቸውን ዘርዝሯል፣ ከነሱ አንዱን የአንድ ሰዓት ምክር ጠይቅ። እስካሁን የሰበሰብከውን ይዘህ ከሄድክ ሰዓቱ ይበቃሃል፤ ባዶ እጅህን ከሄድክ እሱ ራሱ ክሌበርን መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውልበትን ነው የምትከፍለው። ሊዙ ማብቃቱ ከተረጋገጠ የመጨረሻውን ባለመብት በጽሑፍ «ሪሊስ»፣ ሊዙን መልቀቁን የሚገልጽ ሰነድ፣ ጠይቁት፣ ፈርሞ ሲልክም እዛው ክለርኩ ጋ አስመዝግቡት።